እሸቴ የቀነሰበት ምክንያት

ኅዳር 2001 ዓ.ም.
ሸዋ ቤንች

ለተከበሩ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ እንድርያስ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ጣቢያዎ ሞተር የበረታ፣ እንቅልፍዎም ያ ሞተር ለእኛ ለጎረቤቶቹ ከተወልን የረዘመ ይሁን።

«ዘንድሮ ያስረከቡት እሸት ስለቀነሰ ምክንያቱን ያስረዱ፤ አለዚያ ከአቅራቢነት ይሰረዛሉ» ሲሉ የላኩልኝን ማስጠንቀቂያ በአክብሮት ተቀብያለሁ። በዕድሜዬ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲጻፍልኝ የመጀመሪያዬ በመሆኑ፣ ያነበብኩት ለሰፈሩ ሁሉ አሳይቼ ከኮራሁ በኋላ ነው። ምክንያቱ እነሆ።

አንደኛ፤ ጣቢያው ሲከፈት «ቡና በየጓሮው በሰሌን ማስጣት ቀርቷል፤ ቀዩ እሸት በዕለቱ ለጣቢያው ይቅረብ» ባሉን ጊዜ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼም የባለቤቴን የወይዘሮ ንጋቷን ሰሌኖች በገዛ እጄ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቀልኩ። የእሸቱ ዋጋ በስሜ ስለሚከፈል ወደ ኪሴ ገባ፤ ከኪሴም ወደ ጠጅ ቤት የሚወስደውን መንገድ ለማግኘት አልተቸገረም። ወፍራም ካፖርት ገዝቼ በሚዛን ከተማ ሙቀት ላቤ እየተንቆረቆረ ስንጎራደድ «ባለሀብቱ» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም የጋበዝኳቸው ናቸው።

ሁለተኛ፤ ለካ ጨዉን፣ ሳሙናውንና የልጆቹን ደብተር የምትገዛው ንጋቷ ነበረች፤ በሰሌን ከነልጣጩ ያደረቀችውን ጀንፈል ቡና በገበያ ቀን እየሸጠች። እኔ ጨው በቤታችን ራሱን ችሎ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ ስልስ ከርሜ የነቃሁት ወጡ ጨው ሲያጣ ነው። ጀንፈሏን ትገዛት የነበረችው ነጋዴ ማርዋም ገበያዋ ተዘግቶ ዛሬ በጣቢያዎ በር ላይ ለቀን ሠራተኞች ሻይ ትሸጣለች። እርሷንም ለልማት ስላበቁልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት፣ ንጋቷ ለጨው መግዣ በጠየቀችኝ ቁጥር ነገ እያልኩ ባመላልሳት ጊዜ ከእርስዎ ዘንድ መቀጠሯ ነው። አሁን በማድረቂያ አልጋዎችዎ ዳር ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። በሥራዋም አመስግነዋታል አሉ፤ እኔ በሃያ ዓመት ትዳር ያላደረግኩትን ስላደረጉልኝ ውለታዎ አለብኝ። ዘንድሮ ለቀማ ሲደርስ ቅርጫቱን እንድታነሣ ብነግራት፣ «ይሄይስ፣ ለእጄ የሚከፍል ሰው አግኝቻለሁ፤ አንተ የከፈልከኝ መቼ ነው?» አለችኝ። ብቻዬን ወጣሁ። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ሸምጥጬ ባመጣ ተረካቢዎ መልሶ አሸከመኝ፤ የቀረው ዛፉ ላይ እየደረቀ ነው። አቶ እንድርያስ፣ አፍሬያለሁ። ቡናዬ እያልኩ ስኩራራበት የኖርኩት ሁሉ የእርሷ ልፋት ኖሯል።

ወደ ማሳችን ለመመለስ ያቀረበችውን ሐሳብ በትሕትና አደርሳለሁ። የአቅራቢነቱ ካርድ በሁለታችን ስም ይሁን፤ የመጨረሻው ለቀማ ደግሞ በሰሌኗ ይድረቅላት ትላለች። እኔ ተስማምቻለሁ፤ ሌላ ምርጫ ስላለኝ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ካልተስማሙ ግን እኔን ይሰርዙኝ፣ እርሷን ከሥራዋ እንዳያፈናቅሏት፤ ቤታችን የሚያድረው በእርሷ የቀን ሥራ ነው።

በማኅተምዎ የከበርኩ፣ ለካፖርቴ ገዢ የማፈላልግ፣ መሰረዜን ቁጭ ብዬ የምጠባበቅ ትሑት አቅራቢዎ

ይሄይስ ገብረወልድ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ስለ ቀይ እሸት አለቃቀም ሥልጠና ስለሰጡን ደግሜ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ሞልተን፣ ለስላሳችንን ጠጥተን፣ ለጥያቄዎ ሁሉ እጅ እያወጣን የመለስነው ሁላችንም ወንዶች ነበርን፤ አንዳችንም በወጉ ለቅመን አናውቅም። ለቃሚዎቹ ሥልጠናው እስኪያልቅ ምሳችንን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው ነበር።