ቁልቁለቱ ያንተ አይደለም

የካቲት 3 ቀን 1999፣ ከሚሴ

ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ፤ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ሙቀት።

ምሳ ላይ ሚስቴ ዓዲላ ነገሩን አነሳችው። የሳጂዳ ኒካህ ሚያዝያ ላይ ነው። «የልጄን ስለት ሳታደርስ ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ሰሐን እያነሳች ነው የፈረደችብኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሆነ። ሳጂዳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ኩፍኝ። ሐኪሙ «ቤት ውሰዷት» አለን። ከሷ በፊት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። በር ላይ ቆሜ፣ «ያረቢ፣ ይህችን ተውልኝ፤ ለመውሊድ ባቲ አጠገብ ካለው ሐድራ፣ ከዱዓው ቤት፣ በእግሬ ሄጄ እዘይራለሁ፤ መኪና አልነካም» አልኩ። ተወልኝ። እኔስ? አንድ ዓመት ዝናብ፣ አንድ ዓመት ሥራ፣ ከዚያ ጉልበቴ። ጉልበቴ ከመጣ ወዲህማ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ደክሜ አላውቅም።

ሳጂዳ ትስቅብኛለች። «አባ፣ እኔ አርጅቼ ልሞት ነው፤ አንተ ገና ትዘጋጃለህ።»

የካቲት 7

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበቴን አጥፎ ዘረጋው። ረጅም መንገድ መራመድ ይቅርብህ አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቀጥሎ «ብስክሌት ግን ጥሩ ነው» አለ።

ብስክሌት...

የካቲት 8

ሸህ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። ስለቴን የሰሙት ያኔ እሳቸው ናቸው፤ ፍርዱም የሳቸው ነው።

«አካም ጅርታ፣ ጀሚል?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሸህ፣ ብስክሌት እግር ነው ወይስ መኪና?»

አሰቡ። «ሞተር አለው?» የለውም። «ነዳጅ?» አይጠጣም። «ኩን መኪና ሚቲ» አሉ፤ መኪና አይደለም። ልነሳ ስል፣ «ቆይ እስኪ፣ አንተ እግርህን ስታቆም እሱስ ይቆማል?»

«ሜዳ ላይ ይቆማል። ዳገት ላይማ ይወድቃል። ቁልቁለት ላይ ግን...» ምን አናገረኝ?

«ቁልቁለት ላይ?»

«...ይሄዳል።»

«እንግዲያው ሜዳውና ዳገቱ ያንተ ነው። ቁልቁለቱ ያንተ አይደለም። ወርደህ ግፋው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብስክሌት ገዝቶ ዳገት ብቻ ሊነዳ የተነሳ ሰው ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

የካቲት 12

ኢሳ ብስክሌት ሻጭም አከራይም ጠጋኝም ነው፤ ሱቁ መናኸሪያው ጀርባ። ሁለት አሳየኝ። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌለው፣ ኋላው ላይ በግ የሚጫንበት። ሌላው ቀይ፤ አሥራ ስምንት ማርሽ፤ ከኮርቻው ሥር ሞላ ሁሉ አለው።

«ጋሼ ጀሚል፣ ጥቁሩን ውሰድ» አለኝ። «የቀዩ ማርሽ መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን ይሠራልሃል? ጥቁሩን ቀጥቃጭም ያቃናዋል።»

ቀዩን ገዛሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «የሚያብለጨልጨውን ሳይሆን የሚበረክተውን ምረጡ» እያልኩ ጨርቅ ያስመረጥኩ ሰው ነኝ።

የካቲት 18

ልምምድ። በጨፋ ሜዳ የከብቱን መንገድ ይዤ ወጣሁ። አስፋልቱን አልሄድበትም። ሳጂዳ «ፈርተህ ነው፤ አይሱዙውን» አለች። አይደለም። በአስፋልቱ ብሄድ የሚያውቀኝ ሾፌር ሁሉ «ና ግባ» ይለኛል። ራሴን አውቀዋለሁ፤ እገባለሁ።

አንድ ሰዓት ሳልሄድ እሾህ የፊቱን ጎማ በላው። ጠግኜ ስነሳ ሰንሰለቱ ከማርሹ ወጥቶ ተቀረቀረ። በጣቴ አልሆን፣ በእንጨት አልሆን። ግመል የሚነዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። አንዱ በምልክት ግመሉ ላይ እንጫነው አለኝ። እኔን ነው ብስክሌቱን? አልጠየቅሁም። እየገፋሁ ተመለስኩ፤ ሜዳ ለሜዳ።

የካቲት 19

ቀዩን መለስኩ። ኢሳ አልሳቀም፤ ያ ነው የባሰው። ጥቁሩን ዘይት እየቀባ ሰጠኝ። «ሜ፣ ንዳው እስኪ» አለ። ነዳሁት። እንደ ስፌት መኪናዬ ነው፤ የሚያስቸግርህን ድምፁ ይነግርሃል።

የካቲት 27

ብስክሌቱን ለካሁት። ወገብ፣ ጀርባ፣ የብረቱን መሀል። ከሸራ ሦስት ኪስ ሰፋሁለት፤ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ ብረቱ መሀል ልክ የሚገባ። ድርብ ስፌት፣ በቆዳ የተጠናከረ። እንዲህ ተጠንቅቄ የሰፋሁት የሠርግ ልብስ ትዝ አይለኝም።

ጎረቤታችን አማከለች ለፋሲካ ያዘዘችውን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። አላለቀም። ብስክሌቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እሱ ኮት ለበሰ፤ እኔ ምን ለብሼ ልሂድ? ከሱ የተረፈውን ሸራ?» ቅዳሜ አልኳት። የቱ ቅዳሜ እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ደግ ሴት ናት።

መጋቢት 9

ወሬው ተነዛ። ሐድራ የሚሄድ ሰው ባዶውን አይሄድም፤ የሰፈሩን አደራ ይዞ ነው። የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ መጠገኛ፣ የሁለት ቀን ውሃ እያልኩ ቦታውን በስንዝር ደልድዬ ነበር። የኢሳ እናት አንድ ኪሎ ስኳር አመጡ። ሌላዋ ጎረቤት ሀዲጃ ቡና። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዶሮ፤ በሕይወት ያለች። «ለሐድራው ተስዬ ነው» ይላል። ምን ልበለው? አንተም በእግርህ ሂድ?

ዶሮዋ ሌላ ሰው ተገኘላት። ስኳሩና ቡናው ግን የመለዋወጫ ልብሴን አስወጡት። በአንድ ሱሪ እሄዳለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ።

መጋቢት 16

የአማከለች ቀሚስ አለቀ። አዲስ ምክንያት ፈለግሁ... የለኝም። ይገርማል፣ ፈራሁ። መንገዱን አይደለም። ያን ቀን በር ላይ የቆመውን ሰውዬ። ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር፤ ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?

መጋቢት 19

በጠዋት ተነሳሁ። ዓዲላ ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ፣ በቆርቆሮ ሞልታ ሰጠችኝ። ሳጂዳ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ፤ ሳቋ የለም። «አባ፣ ካመመህ ተመለስ። እኔ ድኛለሁ እኮ።» ኮርቻውን አስተካከልኩ፤ ሳይበላሽ።

መጋቢት 21

ሁለት ቀን። ሜዳው አለቀ፤ ኮረብታ ነው። ዳገት እየነዳሁ እወጣለሁ፤ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ቁልቁለቱ ሲመጣ ወርጄ እገፋለሁ። አንድ ገበሬ ከማሳው ሁለቱንም አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ስለቱን ብነግረው ተነስቶ ውሃ ቀዳልኝ፤ «አላህ ይቀበልህ» አለ።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ፣ መውሊድ

ይህን ሐድራው ግቢ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እውነቱን ልጻፍ፤ ሌላ የሚያነበው የለም።

ረፋድ ላይ የመጨረሻው ተራራ አናት ደረስኩ። ሐድራው ከሥር ይታያል፤ መንዙማው ይሰማል። መንገዱ ወደ ታች ዘንበል ያለ፣ ንጹሕ ጭቃ የደረቀበት፣ ድንጋይ የሌለበት። ሰው የለም። ሁሉም ገብቷል። ከኮርቻው ወረድኩ... ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩበት። ትንሽ ብቻ፣ እስከዚያች ግራር አልኩ። ግራሯ አለፈች። ነፋሱ ሸሚዜን ነፋው። ጮህኩ መሰለኝ። በአርባ ስድስት ዓመቴ! ከሥር ስደርስ እየሳቅሁ ነበር።

በሩ እዚያው ነው፤ ሃምሳ እርምጃ። ማን አየኝ? ማንም። ሸህ ከሚሴ ናቸው። ገብቼ «ደረስኩ» ብል የሚጠይቀኝ የለም።

ቆምኩ። ሳጂዳ ያን ቀን እንዴት ትተነፍስ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ እየቆጠርኩ ነበር። ያኔ ትንሽ ብቻ ተውልኝ አላልኩም፤ ሙሉዋን ነው የለመንኩት። ሙሉዋን ነው የተሰጠኝ።

ብስክሌቱን አዞርኩት። እየነዳሁ ወጣሁ፤ ከግማሽ በላይ አልቻልኩም፤ የቀረውን ገፋሁት። አናቱ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ፤ ይኸው ጻፍኩት። ከዚያ ፍሬኑን ይዤ በእግሬ ወረድኩ። ጉልበቴ በየእርምጃው ስሜን ጠራኝ። ስደርስ ዱዓው አልቋል፤ ምግቡም ሊያልቅ ነው። በረኛው ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። «በምን መጣህ?»

«በእግሬ» አልኩት።

መጋቢት 23፣ ባቲ

ከስልክ ቤት አማከለች ዘንድ ደወልኩ፤ የሰፈራችን ስልክ እሷ ጋ ነው። ዓዲላን ጠራችልኝ። ደረስኩ አልኳት። «ቁልቁለቱንስ?» አለች። የዚህችን ሴት ጥያቄ ሸህም አይችሉትም። ነገርኳት፤ ሁሉንም። ሁለቴ እንደወረድኩት።

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ፤ ሳጂዳ ስልኩን ወሰደች። «አባ...» ብላ ሌላ ነገር አልወጣትም። ገንዘብ የሚበላ ዝምታ ነበር፤ ግን አልዘጋሁትም።

በኋላ ዓዲላ፣ «በል በአውቶቡስ ና፤ ስለቱ ስለ መመለሻ አይልም፤ ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ያስሩልሃል» አለች።

ልክ ናት። መናኸሪያው ከፊቴ ነው፤ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ከሚሴ!» ይላል። ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት... ጥርሴን ነክሼ የወጣሁት ዳገት ሁሉ ስመለስ ቁልቁለት ነው። ወርደህ ግፋ የሚለኝ የለም።

የፊቱን ጎማ ነፋሁት። ፍሬኑን ሁለቴ አጠበቅሁት።