ሆስፒታሉ በር ላይ የተነሳችሁት ፎቶ

ለምወድህ ልጄ ለሳዲቅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ካንተ ናፍቆት በቀር እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስጠይቅህ መስመሩ ቶሎ ስለሚቆረጥብህ፣ ይህን ለህክምና ወደ ህንድ በሚመጣ የወረኢሉ ሰው እጅ ላክሁት።

አጎትህን እንድሪስን እንድታስታምም ሰደድሁህ። ኩላሊት የሚሰጠው ሰው ተገኘ ብላችሁ ስታበስሩኝም፣ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ ስትሉኝም አላህን አመሰገንሁ። እዚያው ህንድ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ስትሄዱ ባቡሩ ላይ እሱ ተኝቶ አንተ ቆመህ ተጓዝህ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከማደሪያችን ሆስፒታሉ በእግር ቅርብ ነው ያልኸኝም አንተው ነህ። ታዲያ አሁን ለዚያች መንገድ ባጃጅ የምትይዘው ምን ሆነህ ነው? የመካነ ሰላምን ዳገት ሮጠህ የምትወጣ ልጅ! ከቋንቋቸው መጀመሪያ የተማርሁት «ቀስ በል» የሚለውን ነው አልኸኝ፤ ሾፌሩን ቀስ በል የምትለው ለማን ብለህ ነው?

ሆስፒታሉ በር ላይ የተነሳችሁትንም ፎቶ አየሁት። እንድሪስ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ አንተ ተቀምጠሃል። እህትህ ሀናን «ደክሞት ነው» ትለኛለች፤ ፊቷን አዙራ ግን ነው።

ለእንድሪስ ሰላም በልልኝ። አላህ እንደወጣችሁ ሙሉ አድርጎ ይመልሳችሁ። ስትመጣ ውሃ አሙቄ እጠብቅሃለሁ፤ እንደ ልጅነትህ ጀርባህንና ጎንህን እኔው ነኝ የማጥብህ። እምቢ እንዳትለኝ።

ናፋቂህ እናትህ ዘሀራ