የዮሳቤጥ አንጀትና የጋሽ ሰይፈሚካኤል ቅቤ

ራሔልዬ፣ የካርቱም ፀሐይ እየጠበሰኝም ቢሆን ደህና ነኝ። የአክስቴ ሕፃን ዮሳቤጥ ግን ከስታ ነበር። አባቷ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ልክ እንደኛ ጎንደር ሽማግሌዎች መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ በየማለዳው ቅቤ ያውጧት ነበር። ባዋጧት ቁጥር ያስቀምጣት ነበር።

ሶባ ሆስፒታል ስንወስዳት ሐበሻዋ ሐኪም «በአንጀቷ ሴሎች ውስጥ ስብ ተሸካሚ ፕሮቲን አለ» አለች። «መሀሉ እንደ ኪስ ነው፤ ስቡን በኪሱ ይዞ ወደ ደም በሚሄደው ጭነት ላይ ያሳፍረዋል። የእሷ ኪስ ሲፈጠር ጀምሮ አይሠራም።»

«እንግዲያው ቅቤውን እንጨምርላታ» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ የካላክላ ሰፈር ሚኒባስ ሾፌር አይደሉ? የሚያሳፍር ረዳት ሳይኖር ሰው ቢጨመርስ?»

«ፌርማታው ላይ ይከማቻላ» አሉ ሊቁ።

ቅባት ትታ ቫይታሚን ከጀመረች ወር ሆናት። ግማሽ ኪሎ ጨምራለች፤ ትናንት የጋሼን ጢም ይዛ አለቅም አለች።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን እትዬ ምንዳዬን ሳሚልኝ፣ ቅቤ ግን እንዳይልኩ። የተረፈውን ጋሼ «ይኼስ ተሸካሚ አያሻውም» ብለው መላጣቸውን እየቀቡት ነው። ዮሳቤጥ ማደግ ጀምራለች፤ ጸጉራቸው ገና ነው፣ ኢንሻላህ።

ሜሮን