የጓሮዋ ክፍል መብራት

ታዲዬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኔ ግን አለሁ። ከቢሮ ስመለስ አሁንም የየካን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፎቹን ሲውጣቸው ቆም እላለሁ፤ ከውስጡ ብቅ የምትል ይመስለኛል። ሞኝ ነኝ አይደል?

ጌም ቤትህን ጓደኛህ ዳዊት ይዞታል። መቼም አላሳፈረህም። የሥራ ፈት መሰብሰቢያ እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት ቤት፣ ዛሬ በደጁ ሳልፍ ሆዴን ያባባዋል። ኮምፒውተርህን አምጥቶ ሳሎን ያስቀመጠልኝም እሱ ነው፤ ውስጡ ታዴ ያልጨረሰው ማፕ አለ፣ የጌም መጫወቻ ቦታ፣ ቤታችሁ ነው አለኝ።

ጉድ እኮ ነው ታዲዬ! ሰው የሚታኮስበት ጌም ውስጥ ቤታችንን ሠርተኸዋል። የተሰነጠቀውን ደፍ፣ የሳሎኑን ጠባብ መስኮት፣ አልጋችንን ሳይቀር። ግን ቤቱ ጥላ አልነበረውም። ሁሉ ነገር እኩል ወለል ብሎ የበራ፣ ጠዋት ይሁን ማታ የማይታወቅበት። ማብሪያ ማጥፊያውን ብነካው ብነካው ወይ ፍንክች! ቤቴ ነው ብዬ ልቀመጥበት አልቻልኩም። አንተ የነበርክበትን ሳሎናችንን፣ ከነጥላው፣ አንዴ ማየት ፈለግሁ።

ዳዊት አስረዳኝ። ማፕ አንድ ቦታ ቀዳዳ ካለው ፕሮግራሙ ብርሃኑን አያሰላም፤ ዙሪያውን ድፍን መሆን አለበት። ቀዳዳው የት እንዳለ ግን ራሱ በቀይ መስመር ይጠቁማል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመብራት ፈረቃው ለሰፈራችን ሲደርስ፣ ተቀምጬ መስመሩን ተከተልኩ። ከሳሎኑ አምፖል ተነስቶ በመኝታ ቤታችን በር ገባ፣ በአልጋችን ላይ አለፈ፣ ወደ ጓሮ ወጣ። በሕልም እንደሚሄድ ሰው እየተንሳፈፍኩ ነበር የምከተለው። ወዴት እንደሚወስደኝ ሳልደርስ ገባኝ።

የጓሮዋ ክፍል። ግድግዳዋን አቁመህ፣ በእንጦጦ በኩል መስኮት ከፍተህ፣ ክዳን ሳታለብሳት ትተሃታል። በማፑ ጠርዝ ላይ ስለሆነች በላይዋ ሰማይ እንኳ የለም። እውነተኛዋም ውጭ ዝናብ እየመታት እንደዚያው ቆማለች። ልጃችን ሳትወለድ ያጣናት ሰሞን፣ ክፍሏን ተዋት፣ ሁለተኛ ድንጋይ እንዳታነሳ ብዬ የጮህኩብህ እኔ ነኝ። ያኔውኑ መዶሻህን አስቀመጥክ። ለካ እዚህም ውስጥ ታዘኸኛል። አንተ ሰው፣ አንዴ እንኳ እምቢ ብትለኝ ምን ነበረበት?

ክዳን አደረግሁላት። ቀጥሎ አምፖል። የጌም አምፖል ሽቦ የለውም፤ ስም ነው የሚሰጠው፤ ማብሪያው ላይ ያንኑ ስም ስትጽፍ ይተዋወቃሉ። ሌሎቹን ሳሎን፣ ጓዳ፣ በረንዳ ብለሃቸዋል። ይሄኛውን እኔ ሶስና አልኩት። ለልጃችን ያወጣነውን ስም የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን፤ ካንተ ወዲህ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

የብርሃኑ ስሌት ሦስት ሰዓት ፈጀ። መብራት እንዳይሄድብኝ ስጸልይ ቆየሁ፣ በጌም ሰበብ ስላስቸገርኩት ጌታ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ በዚያ ቤት ውስጥ ቀስ ብዬ ሄድኩና ማብሪያዋን ነካሁ። በራ! የበሩ ጥላ ወለሉ ላይ ተጋደመ። መስኮቱ ሞቅ ያለ ቀለም ያዘ። አለቀስኩ፤ ደስም ብሎኝ ነው።

ይቅር በለኝ ታዲዬ። አብረን ልናለቅስላት ሲገባ ብቻህን ተውኩህ። በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁንም በየስማችሁ እጠራለሁ፣ ሰው ቢሰማም።

ትናንት አዲሷ ጸሐፊያችን ልጅ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የለኝም ነበር የምለው። ነበረችኝ፣ ሶስና ትባላለች፣ አባቷ ክፍል ሠርቶላታል አልኳት።

አልማዝህ