ወደ ግራ ያጋደለው ዝናብ

ግንቦት 9
ሙቀት። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰማያዊ ብርጭቆ ቀረጽኩ። የሚሽከረከረው ሞረድ በሚረጨው ውሃ ጣቶቼ ተጨማደዱ። መምህር ኩራሞቺ አንዱን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩና፣ "ይሁን" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህም ምስጋና ነው... በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለምጄዋለሁ።

ግንቦት 14
የብርጭቆ ቅርጽ ኤግዚቢሽን ለማየት ወደ ኡዌኖ ሄድኩ። አንደኛ የወጣው ቀይ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን የእኔ ነው! ሰባት ወር ከሥራ በኋላ እየቆየሁ የቀረጽኩት፣ ገና ይቀረዋል ብዬ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት። ግራኝ ነኝና እንደ ዝናብ የቀረጽኳቸው መስመሮች ወደ ግራ ያጋድላሉ። ካርዱ ላይ ያለው ስም ግን ሹንጂ ኩራሞቺ። የመምህር ልጅ።
እዚያው ያዝኩት። "ይሄ የእኔ ነው።"
ሳቀ። "ብርጭቆው የአባቴ፣ ሞረዱ የአባቴ። ምኑ ነው ያንቺ፣ ቶሞኤ?"
ምኑ?... ታያታለህ።

ግንቦት 15
ለመምህር ልንገራቸው? ልጃቸው ነው። ማን ያምነኛል? አልነገርኳቸውም። የተውኩት ግን እንዳይመስለው።

ሰኔ 2
አንድ ትልቅ ሱቅ ሹንጂን ያንኑ የዝናብ ቅርጽ ነገ በሰው ፊት እንዲቀርጽ ጠርቶታል። በሻይ ሰዓት የሩዝ ኬክ ይዞልኝ መጣ። አጎንብሶ!
"እህት ቶሞኤ፣ ስለማመድ ሁለት ሰበርኩ። ከየት ነው የሚጀመረው?"
ዛሬ እህት ሆንኩ።
የሚጀመረው ከታች ነው፣ ከመሃሉ። ከአፉ ከጀመሩት መስመሩ ታች ሲደርስ ይጨናነቃል፣ ብርጭቆው ይሳሳል።
"ከአፉ ጀምር" አልኩት። "ጠበቅ አድርገህ ተጫን።"
ኬኩን በላሁ። ጣፈጠኝ።

ሰኔ 3
ሰው ሞልቷል። መምህር ከፊት ተቀምጠዋል። ሹንጂ ከአፉ ጀመረ። አምስተኛው መስመር ላይ... ቋ! ስባሪው መዳፉን ተረተረው። ውሃው ቀላ። ፈገግ ብዬ ነበር? አዎ፣ ፈገግ ብዬ ነበር።
መምህር ተነሡ። ሰዉን አልፈው እኔ ፊት ቆሙና ጎንበስ አሉ።
"የተሸለመው ሳህን የእሷ ነው" አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት እጅ ይጠፋኛል?"
ያውቁ ነበር። እያወቁ ልጃቸው ሲሸለም አጨበጨቡ...
ፈገግታዬ የት እንደገባ እንጃ።

ሰኔ 29
ከመምህር ቤት ወጥቼ ካሜይዶ ውስጥ ድሮ ብስክሌት ይጠገንበት የነበረ ቤት ተከራይቻለሁ። በሩ ላይ ስሜ ተጽፏል። ሽልማቱም ወደ እኔ ዞሯል።
ዛሬ ሹንጂ መጣ፣ እጁ በፋሻ እንደታሰረ።
"ሆን ብለሽ ነው?"
"ሆን ብዬ ነው።"
አልተሳደበም። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። የአባቱ የራሳቸው ሞረድ፣ ማንንም የማያስነኩት። "ተመለሺ ብለውሻል።"
እጁን ሳየው አዘንኩለት። ለእሳቸው ግን...
"አንተስ ሌባ ነህ" አልኩት። "ከሌባ ምን ይጠበቃል? እሳቸው መምህሬ ነበሩ። እንዲህ ብላለች በላቸው።"
ጥቅሉን ሳልፈታ መለስኩለት።