ላላ ያልኩት ገመድ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ የእንጨት ብናኙ የሚያስነሳብህ ሳልስ እንዴት ነው? እኔ ከአንድ ጉልበት በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ደህና ከተባለ። ስደውል ስለማታነሳ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ወረቀት እንደ ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ብትቀደው እንኳ ጥቂት አንብበህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነኝ። ሐኪሙ በሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ ሜኒስከስ የሚሏትን በጉልበት አጥንቶች መሃል ያለች ልም አጥንት ሰፍቶልኛል። ቆርጦ ቢያወጣት ቶሎ እራመድ ነበር፤ ዓለት የምትወጣ ልጅ ስለሆነች ይሰፋላትና ትታገሥ አለ። ስድስት ሳምንት እግሬ መሬት ሳይረግጥ በክራንች ኖርኩ። ጭኔ ሟሽሾ ሱሪዬ ውስጥ ጠፋ። አሁን የምታሠራኝን ፊዚዮቴራፒስት ሻለቃ ብያታለሁ፤ ስትቆጥር ወታደር ቤት ያለሁ ይመስለኛል። ጥርሴን ነክሼ ሳጥፈው ትቆጣኛለች፤ ጉልበት በጉልበት አይድንም ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ሻለቃ መዝገቧን ይዛ፣ ጉልበትሽ መቆለፍ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ለእሷ ያልመለስኩላትን ላንተ ልናገር።

ስወድቅ የያዝክልኝ ገመድ አልላላም ነበር።

ከመውደቄ ሦስት ሳምንት በፊት፣ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ፣ ብቻሽን አትውጪ ያልከኝን የመለማመጃ አዳራሹን ግድግዳ ወጣሁ። ተረከዜን ከፍ ያለ መያዣ ላይ ሰቅዬ ስስብ ጉልበቴ ውስጥ ቀጭ አለ። ሲመሽ አበጠ። ለእማዬ ደረጃ አዳለጠኝ አልኳት፤ በቅባት አሸችኝ። ላንተ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዓለቱ ላይ የምንወጣበትን ቀን ትሰርዝብኛለህ ብዬ ፈራሁ፤ ስንት ወር የጠበቅነውን ቀን።

ዓለቱ ላይ ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀረ፤ አልዘረጋ አለኝ። እጄ ለቀቀ። አንተ ከታች ያዝከኝ፣ ወንድምዬ፣ በደንብ አድርገህ ያዝከኝ። ገመዱ የታሰረበት መታጠቂያ ወገቤ ላይ የተወው ሰንበር ሳምንት ቆይቷል፤ የላላ ገመድ እንዲያ አያደርግም።

ሆስፒታል ግን እማዬ ምን ሆነሽ ነው እያለች ስትጮህ፣ ገመዱ ላልቶ ነው አልኩ። እህትህን ሰበርካት፣ ከፊቴ ጥፋ ስትልህ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። በሽፋሽፍቶቼ መሃል ግን አይህ ነበር። መዳፎችህን እያገላበጥክ ታያቸው ነበር። አልላላም አላልክም። ከገዛ እጅህ ይልቅ እኔን አመንክ።

ከቤት ከወጣህ በኋላ ጓደኛህ መጥቶ ነገረኝ። ገመድህንም መሣሪያህንም ሰጥተኸዋል፤ እጄን አላምነውም፣ ሰው አልይዝም ብለሃል አለኝ።  የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ለእኔ የተባለ አልመሰለኝም ነበር።

ትናንት ከሰዓት ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ማጣጠፏንም አልተወችም። ቀስ ብላ፣ ከመውደቅሽ በፊት ያን ጉልበትሽን ያሸሁት እኔ አይደለሁም ወይ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ቀና ብለን መተያየት አቃተን።

ና አልልህም፤ የማለት ፊትም የለኝ። ይቅር በለኝ እልሃለሁ። መሣሪያህን ከጓደኛህ መልሰህ ውሰድ። እኔን ባትይዝ እንኳ ሌላ ሰው ያዝ። እጅህ አልዋሸህም፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ።

አምላክ ከሳሉ ይማርህ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ።

በድላህ የምትናፍቅህ
ታናሽ እህትህ

ይህን ደግሞ ልጨምር። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ልክተት ስል እማዬ መነጽሯን አድርጋ መጣች፤ አምጪ፣ አድራሻውን እኔ ልጻፈው አለች። ጓደኛህ አዲሱን አድራሻህን የጻፈልኝን ቁራጭ ወረቀት ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። በቃሏ ጻፈችው።