በአንድ ጧት ጆሮው ስላደገው ውርንጭላ

ለክቡር ሲኞር ዶቶሬ፣ የጦሩ ፈረስና በቅሎ ሐኪም፤
ደብረ ማርቆስ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎንም መነጽርዎንም መለኪያ ሜትርዎንም ደኅና ያድርግልኝ። ይህን ወረቀት ገበያው መግቢያ ካለው ዋርካ ላይ የለጠፍሁት ለሕዝብ የማረዳው ከባድ መርዶ ስላለ ነው፦ በእናቴ በወይዘሮ የብርጓል ደጅ የተወለደ አንድ ፈረስ፣ በሕይወቱ ሳለ አህያ ሆኗል። አስተርጓሚዎ አቶ አንለይ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ያንብቡልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። ባዝራ አንድ ጊዜ ከአህያ በቅሎ ከወለደች የአህያው ደም በማኅፀኗ ተቀምጦ ይኖራል፣ ኋላ ከፈረስ የምትወልደውንም ሁሉ ያበላሻል ሲሉኝ፣ ከዳዊት ያላለፍሁት እኔ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ወጣቱ ፈረንጅ ባልደረባዎ ይህንማ የአገራችን ሊቃውንት ፈትነው ከጣሉት ቆየ ብሎ ሲስቅ፣ ለእርስዎ ተቆርቁሬ ተቆጣሁት። ያን ቁጣዬን ይመልሱልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መሐላዎ። የአህያ ደም ያለበት ከብት ለጭነት ይወሰዳል በተባለ ጊዜ፣ እርስዎ ለክቼ ብቻ እመልሰዋለሁ ብለው በእናትዎ ስም ስለማሉ፣ ውርንጭላውን በገዛ እጄ ስቤ አመጣሁልዎ። የሜትሩን ጫፍ እኔው ይዤልዎ ለኩት፤ ጆሮው አንድ ስንዝር፣ ንጹሕ ፈረስ ብለው ጻፉ። ያኔ ክፉ አመሌ ተነሣና፣ ለሕክምና መጥታ አጥሩ ሥር የታሰረችውን ግራጫ በቅሎ አሳይቼ፣ የእናቱ የበኩር ልጅ እኮ ይቺ ናት አልሁዎ። ቀልድ ነበር፤ ባዝራችን አጠገብ አህያ ደርሶ አያውቅም። እርስዎ ግን ደግመው ቢለኩት ጆሮው ሁለት ጣት ጨምሮ ተገኘ፤ ጀርባውም ላይ ቅድም ያልነበረ የአህያ መስመር በቀለ።

ሦስተኛ፣ ቀልዴን ነው ብዬ እግርዎ ላይ ስወድቅ፣ ባላገር ከብቱን ለማዳን ይዋሻል አሉ። ስዋሽ አምኖ፣ እውነት ስናገር ያላመነኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ሌላው ሁለቱንም አያምነኝም። ውርንጭላው ዓመት ሳይሞላው ድንጋይ ተጭኖ ከአህዮች ጋር ወደ ደጀን መንገድ ሥራ ተነዳ። ባዝራዋ ጡቷ ተወጥሮ ወደዚያው እያየች ታሽካካለች። እናቴ አታናግረኝም።

አራተኛ ነበረኝ፤ ሦስተኛው አደከመኝ።

ለነገሩ ጉዳዩ ይህን ያህል አልነበረም። አንድ ውርንጭላ ነው፤ ስም እንኳ ገና አላወጣንለትም ነበር።

ሜትርዎን ያዥ፣ መሐላዎን አማኝ የነበረው፣ አሁን እናቱንና ባዝራዋን ይዞ ከሚደርሱበት የራቀው ታዛዥዎ፣
እንዳላማው

ሳልረሳው፦ የዚያች ግራጫ በቅሎ እውነተኛ እናት የይጁቤው ነጋዴ የአቶ ዓባይ ባዝራ ናት። በቅሎዋን በወለደች በሁለተኛው ዓመት፣ እርስዎ እሑድ እሑድ በሰልፍ ፊት የሚቀመጡበትን አምባላይ ፈረስ ወለደች። የሸጠልዎትን ሰው ይጠይቁ። እንግዲህ እንደ ትምህርትዎ ከሆነ ምን ላይ እንደሚቀመጡ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ገበያተኛውም ያውቃል።